ስለ ሁነት ቀያሪ ቁሶች ስያሜ፦ ከሸክላ ማዕድንና ከፖሊመር የሚሠሩ ሙቀት ማከማቻዎችን መነሻ በማድረግ

1. መግቢያ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ ቤት ግንባታ ቁሳቁስ የሚያስረዳ አንድ የትርጉም ረቂቅ የሙያ ቃላቱን እንድንመረምር ቀርቦልን ነበር። ረቂቁ ለሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የታሰበ ሲሆን፣ ከአርእስቶቹ አንዱ ከሰም፣ ከፖሊመርና ከሸክላ አፈር ተቀናብረው የሚሠሩትን፣ የቀኑን ሙቀት ይዘው በሌሊት የሚመልሱትን ቁሶች የሚመለከት ነበር። በአርእስቱ መክፈቻ ላይ «ቁሱ በደረጃ ለውጥ ጊዜ የሙቀት መጠኑ ሳይጨምር ብዙ የሙቀት መጠን ይወስዳል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይገኛል። ዐረፍተ ነገሩን ደጋግመን አነበብነው። በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም፤ ቃላቱም ሁሉ አማርኛ ናቸው። ነገር ግን በመጀመሪያው ግማሽ የተሰጠው በሁለተኛው ግማሽ ይነሣል። የሙቀት መጠን ሳይጨምር የሙቀት መጠን እንዴት ይወሰዳል? ተማሪው ይህን ሲያነብ ወይ መጽሐፉ ተሳስቷል ይላል፤ ወይም፣ የባሰው ይህ ነው፣ ሳይገባው በቃሉ ይይዘዋል።

ጥፋቱ የተርጓሚው ብቻ አይደለም። ተርጓሚው በሥራ ላይ ያገኛቸውን ቃላት ነው የወሰደው። ችግሩ የመጣው ሁለት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ስያሜ ሥር በማደራቸው ነው። በሌላ ርእስ ላይ ይህ ዐይነቱ መደራረብ ብዙ ጉዳት ላያመጣ ይችላል፤ በዚህ ርእስ ግን የነገሩ ሁሉ ምሥጢር ያለው በሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች መለያየት ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የቁሶቹን አሠራር በአጭሩ እያስረዳን፣ ለእያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ የምናቀርበውን ስያሜና ለምርጫው ያበቃንን ምክንያት እንገልጻለን።

2. ሙቀትና የሙቀት ደረጃ

በዕለት ተዕለት አነጋገራችን «ሙቀት» የሚለው ቃል ሁለት አገልግሎት አለው። «ፀሐይ ሙቀት ትሰጣለች» ስንል የሚሰጥና የሚወሰድ ነገርን እናመለክታለን። «የዛሬው ሙቀት 28 ዲግሪ ነው» ስንል ደግሞ በቴርሞሜትር የሚነበበውን ልክ እንናገራለን። ለዚህ ለሁለተኛው ትርጉም «የሙቀት መጠን» ወይም «መጠነ ሙቀት» የሚሉት ስያሜዎች በመማሪያ መጻሕፍትና በዜና ማሰራጫዎች ተለምደዋል። ሆኖም «መጠን» ብዛትን ጭምር የሚያመለክት ቃል ስለ ሆነ፣ ስያሜው አንባቢውን የሚመራው ወደ መጀመሪያው ትርጉም ነው።

ልዩነቱን በቀላል ምሳሌ ማሳየት ይቻላል። በአንድ ሲኒ ውስጥ ሊፈላ የተቃረበ ውኃ፣ በአንድ እንስራ ውስጥ ደግሞ ለብ ያለ ውኃ አለ እንበል። ቴርሞሜትሩ ከፍ ብሎ የሚያሳየው በሲኒው ውስጥ ነው። ሁለቱ በአንድ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቢያድሩ ግን ለክፍሉ አየር የበለጠ ሙቀት የሚያበረክተው እንስራው ነው። በሲኒው ያለው ከፍ ያለ ደረጃ ነው፤ በእንስራው ያለው ብዙ ሙቀት ነው።

ይህን ልዩነት ለማጥራት ሳይንስ ራሱ ጊዜ ወስዶበታል። በ18ኛው ምእት ዓመት፣ በ1760ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ገደማ፣ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጆሴፍ ብላክ አንድ ሁሉም ሰው የሚያየውን ነገር ጥያቄ አደረገው። በረዶ ወደ መቅለጫው ደረጃ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ሙቀት ብቻ የሚበቃው ቢሆን ኖሮ፣ በተራራ ላይ የተከመረው በረዶ በአንድ ጊዜ ቀልጦ አገሩን በጎርፍ ባጥለቀለቀ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ በረዶ ቀስ እያለ ይቀልጣል፣ እስኪያልቅም ድረስ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ፈቀቅ አይልም። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ሁሉ የገባው ሙቀት የት ሄደ? የብላክ መልስ የሙቀት ብዛትና የሙቀት ኀይለኛነት አንድ አይደሉም የሚል ነበር። ዛሬ በምንጠቀምበት መለኪያ፣ 1 ኪሎ ግራም በረዶ ለመቅለጥ ብቻ 334 ኪሎ ጁል ያህል ይወስዳል፤ ይኸው ሙቀት 1 ኪሎ ግራም ውኃን ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ሊያደርስ ይችል ነበር።

ስለዚህ ሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች ጎን ለጎን በሚመጡበት ጽሑፍ፣ በጁል ለሚለካው «ሙቀት» ወይም «የሙቀት ብዛት»፣ በዲግሪ ለሚለካው ደግሞ «የሙቀት ደረጃ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ደረጃ የሚወጣበትና የሚወረድበት እንጂ የሚሰፈር ነገር አይደለም፤ በቴርሞሜትር ላይ ያሉት ጭረቶችም ደረጃዎች ናቸው። የአየር ጠባይ ዘገባ «የሙቀት መጠን» ማለቱን ቢቀጥል የሚጎዳ ሰው የለም። በሳይንስ ጽሑፍ ግን ሁለቱን ማምታታት የብላክን ጥያቄ በአማርኛ መጠየቅ እንኳ እንዳይቻል ያደርጋል።

3. ሁነት እንጂ ደረጃ ወይም ምዕራፍ አይደለም

በረቂቁ ውስጥ «የደረጃ ለውጥ» የተባለው፣ አንድ ቁስ ከጠጣርነት ወደ ፈሳሽነት፣ ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት፣ ወይም በተቃራኒው የሚያደርገው ለውጥ ነው። በሌሎች ትርጉሞች ውስጥ «የምዕራፍ ለውጥ» ተብሎም አይተናል። ሁለቱም ስያሜዎች የመጡት የባዕዱ ቃል ከያዛቸው ብዙ ትርጉሞች የማይገባውን መርጦ በመውሰድ ነው። ምዕራፍ የመጽሐፍ ወይም የአንድ ሥራ ክፍል ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይከተላል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። እነዚህ ቁሶች ግን ጠቃሚ የሆኑት በየቀኑ ሄደው ስለሚመለሱ ነው። «ደረጃ» ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያሳስታል። የሙቀት ደረጃ የሚለውን ከተቀበልን «የደረጃ ለውጥ» የሚያሰማው የቴርሞሜትሩን መውጣትና መውረድ ነው፤ በዚያች ሰዓት ባለበት የሚቆመው ግን በትክክል እርሱ ነው።

እኛ የመረጥነው «ሁነት» የሚለውን ነው። ከ«ሆነ» የወጣ ስለ ሆነ የአኳኋንን ትርጉም ይሰጣል፤ «ሁነት ቀየረ» ሲባልም ቁሱ ራሱ ሌላ ሳይሆን አኳኋኑ ብቻ እንደ ተለወጠ ይገባል። ሌላም ጥቅም አለው። አንዳንድ ፖሊመሮች ጠጣር እንደ ሆኑ ሳሉ ውስጣዊ አደራደራቸው ብቻ ተለውጦ ሙቀት ይወስዳሉ። ለእነዚህ «ከጠጣር ወደ ጠጣር የሁነት ለውጥ» ማለት ይቻላል። በሥነ ጽሑፍ ሂስ «ሁነት» ለድርጊት ወይም ለክሥተት ማገልገሉን አንዘነጋም። ነገር ግን መስኩ የተለያየ በመሆኑ፣ መዝገበ ቃላት የሙያ ምልክት እያኖረ ሁለቱን ለይቶ ማስፈር ይችላል። እንግዲህ ሙቀትን ለማከማቸት ሲባል በዚህ ለውጡ የሚፈለገው ቁስ «ሁነት ቀያሪ ቁስ» ይባላል።

4. መቅለጥ፣ መሟሟትና መርጋት

ለዚህ መስክ አማርኛ ራሱ ያዘጋጃቸው ቃላት አሉ፤ በጥንቃቄ መያዝ ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው። ቅቤ በእሳት ይቀልጣል፤ ጨው በውኃ ይሟሟል። በንግግር ስኳርም «ቀለጠ» ሲባል እንሰማለን፤ በሙያ ጽሑፍ ግን መቅለጥ ሙቀትን ብቻ፣ መሟሟት ደግሞ ሌላ ፈሳሽን እንደሚሻ መጠበቅ አለበት። ይህ ቃልን የመሰንጠቅ ጨዋታ እንዳይመስል፣ በልዩነቱ ምክንያት የከሸፈ አንድ ታላቅ ሙከራ እንጥቀስ።

በ1948 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዶቨር በሚባል ስፍራ በፀሐይ ብቻ የሚሞቅ አንድ ቤት ተሠራ። የሙቀት ማከማቻውን ያቀደችው በሀንጋሪ የተወለደችው ሳይንቲስት ማሪያ ቴልከሽ ነበረች። የተጠቀመችው በ32 ዲግሪ ገደማ ሁነቱን የሚቀይር፣ በእያንዳንዱ ሞለኪውል 10 የውኃ ሞለኪውሎችን ያቀፈ የሶዲየም ሰልፌት ጨው ነው። ይህ ጨው ሲሞቅ «ቀለጠ» ይባል እንጂ፣ በእርግጥ የሚሆነው ውኃው ከጨው ተለይቶ ጨውን ማሟሟቱ ነው። ውኃው ግን ጨውን ሁሉ ለማሟሟት አይበቃም፤ የተረፈው ወደ ታች ይዘቅጣል። ሲቀዘቅዝም ከላይ ያለው ውኃ ከታች ያለውን ጨው አያገኘውም፤ በየዑደቱ የማከማቸት ችሎታው እየቀነሰ ይሄዳል። ቤቱ ከጥቂት ክረምቶች በኋላ በዚህ ዘዴ መሞቁ ቀረ። መቅለጥና መሟሟት አንድ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ችግር አይገጥምም ነበር።

ለጽሑፋችን ርእስ ይበልጥ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቴልከሽ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደላዌር ዩኒቨርሲቲ ሳለች፣ ጨው እንዳይዘቅጥ ድብልቁን አታፑልጋይት በሚባል የሸክላ ማዕድን አወፈረችው። ሸክላና ሁነት ቀያሪ ቁስ የተገናኙበት አንዱ ቀደምት መንገድ ይህ ነው።

ለመቅለጥ ተቃራኒ «መጠጠር» ወይስ «መርጋት» ይባል? ጠጣር የሚለው ስም ስላለን መጠጠር የተሻለ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ያደረ ዳቦም ይጠጥራል፤ ቀድሞ ፈሳሽ አልነበረም። መርጋት ግን ከፈሳሽ መነሣትን ግድ ይላል፤ ቅቤ ይረጋል፣ ሞራ ይረጋል፣ ሰም ይረጋል። ስለዚህ መርጋትን መርጠናል።

5. ስውር ሙቀትና ጉልህ ሙቀት

ቁሱ ሁነቱን ሲቀይር የሚወስደውን ሙቀት ብላክ «የተሸሸገ» የሚል ትርጉም ባለው የላቲን ቃል ሰየመው። የተሸሸገውም ከቴርሞሜትር ነው። ለዚህ በአማርኛ «ድብቅ»፣ «ኅቡእ» እና «ስውር» የሚሉት ቃላት ይቀርባሉ። ድብቅ የሚለው ደባቂ ያለው ይመስላል፤ ኅቡእ ደግሞ በዘመናችን ከምስጢራዊ ድርጅት ጋር ተቆራኝቷል። ስውር የሚለው ግን ያለ ነገር ሳይታይ መቅረቱን ብቻ ይናገራል። በአንጻሩ ቴርሞሜትሩን ከፍ የሚያደርገውን ሙቀት «ጉልህ ሙቀት» እንለዋለን።

በጥንድ መሰየማቸው የአሠራሩን ጥቅም ለማስረዳት ያመቻል። የእንጀራ ምጣድ ከእሳት ከወረደ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ጉልህ ሙቀት ነው፤ ምጣዱ ሲሰማ ደረጃው ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝም ወዲያው መውረድ ይጀምራል። ሁነት ቀያሪ ቁስ ግን ሙቀቱን የሚወስደውም የሚመልሰውም በአንድ ደረጃ አካባቢ ቆሞ ነው። በ25 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ሰም በግድግዳ ልስን ውስጥ ቢኖር፣ ቀን ክፍሉ ከዚያ በላይ ሊሞቅ ሲል ሰሙ እየቀለጠ ሙቀቱን ይወስዳል፤ ሌሊት ሲበርድ እየረጋ ይመልሳል። እንደ አዲስ አበባ ባለው ደጋ፣ በበጋ ወራት ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት አገር፣ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢው ያውቀዋል።

6. ሸክላ፣ የሸክላ አፈርና የሸክላ ማዕድን

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ቃል በጣም የምናውቀው ነው። «ሸክላ» በአማርኛ በቀዳሚነት የተሠራውንና እሳት ያየውን ዕቃ ያመለክታል፤ ምጣዱን፣ ጀበናውን፣ ገንቦውን። የግንብ ጡብም ሸክላ ነው። ዘፈን የሚቀረጽበትም ሰሌዳ ሸክላ ተብሏል። ስለዚህ «የሸክላና የፖሊመር ጥምር» ብለን ብንጽፍ፣ አንባቢው ገል ተፈጭቶ ከፕላስቲክ ጋር የተለወሰ ሊመስለው ይችላል።

ሸክላ ሠሪዎች ልዩነቱን ከማንም በፊት ያውቁታል። እሳት ያላየ ገንቦ ውኃ ሲነካው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፤ እሳት ያየው ግን ቢሰበር ገል ይሆናል እንጂ ጭቃ አይሆንም። ምክንያቱም ካኦሊናይትን የመሰለው የሸክላ ማዕድን ከ500 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ በመዋቅሩ ውስጥ ያለውን ውኃ አጥቶ ሌላ ነገር ስለሚሆን ነው። ለሙቀት ማከማቻ በብዛት የሚፈለገው የመጀመሪያው፣ መዋቅሩ ያልፈረሰው ነው።

ይህ መዋቅር ምንድን ነው? ሞንትሞሪሎናይት የሚባለው ማዕድን እንደ መጽሐፍ ቅጠል ከተደራረቡ እጅግ ስስ ንጣፎች የተሠራ ነው፤ የአንዱ ንጣፍ ውፍረት 1 ናኖ ሜትር፣ ማለትም የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ነው። በንጣፎቹ መካከል ውኃ ሲገባ ያብጣል፣ ሲወጣ ይኰማተራል። ገበሬው ይህን በዋልካ አፈር ያውቀዋል፤ ዋልካ በክረምት የሚያብጠው፣ በበጋ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው ከዚሁ ቤተሰብ የሆኑ ማዕድናት ስለሚበዙበት ነው። ውኃ በሚገባበት በዚያው ክፍተት አንዳንድ ፖሊመሮችም ይገባሉ። ይህን ድርጊት «ስርገት» ብንለው «ሰርጎ ገባ» ከሚለው የታወቀ አነጋገር ጋር ይስማማል።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን ግራ መጋባቱን ለማስቀረት «ክሌይ» የሚለውን ባዕድ ቃል እንዳለ መውሰድ ይሻላል ይላሉ። ሐሳቡ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ቃሉን ብንቀበል፣ ሸክላ ሠሪዋና ገበሬው ያላቸውን ዕውቀት ከሳይንሱ የሚያገናኘውን ድልድይ በገዛ እጃችን እናፈርሳለን። ስለዚህ ለጥሬው አፈር «የሸክላ አፈር»፣ በውስጡ ላለው የተለየ ማዕድን «የሸክላ ማዕድን»፣ ለተጠናቀቀው ዕቃ ብቻ «ሸክላ» እንዲባል እንመክራለን። የማዕድናቱ የግል ስሞች፣ እንደ ካኦሊን፣ ቤንቶናይትና ሴፒዮላይት ያሉት፣ ብዙዎቹ ከቦታ ስም የመጡና ዓለም አቀፍ ስለ ሆኑ እንዳሉ ይወሰዳሉ። «ፖሊመር» የሚለውንም አንተረጉመውም፤ ፖሊኤቲሊን፣ ፖሊፕሮፒሊን እያለ የሚቀጥለው ቤተሰብ ሁሉ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነውና።

7. ጥምር፣ አቃፊና ታቃፊ

በኬሚስትሪ ትምህርት «ውሁድ» ንጥረ ነገሮች በኬሚካዊ ትስስር የተዋሐዱበት፣ «ድብልቅ» ደግሞ እንዲሁ የተቀላቀሉበት ነው። እኛ የምንናገርለት ከሁለቱም ይለያል፤ ክፍሎቹ ማንነታቸውን ሳያጡ፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ ታስቦበት የተቀናጁበት ነው። አገራችን ከጥንት ጀምሮ የምታውቀው አብነት አለ፤ በጤፍ ጭድ የተቦካ የግድግዳ ጭቃ። ጭዱ ጭድ፣ ጭቃውም ጭቃ እንደ ሆኑ ይኖራሉ፤ ነገር ግን ልስኑ እንዳይሰነጠቅ ይይዙታል። ይህን ዐይነቱን «ጥምር ቁስ» እንለዋለን።

በሙቀት ማከማቻው ጥምር ውስጥ የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ነው። ፓራፊን ሰም በአንድ ኪሎ ግራም 200 ኪሎ ጁል ገደማ ስውር ሙቀት ይይዛል፤ ሲቀልጥ ግን ይፈሳል፣ ግድግዳውንም ያበላሻል። የሸክላ ማዕድኑ ቀዳዳዎች፣ የኩራዝ ክር ላምባን ስቦ እንደሚይዝ፣ የቀለጠውን ሰም ስበው ይይዙታል። በ130 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጠው ጥብቅ ፖሊኤቲሊን ደግሞ ዙሪያውን ያቅፈዋል። ሰሙ ቢቀልጥም የጥምሩ ቅርጽ አይለወጥም። እንዲህ ያለውን «ቅርጸ ጽኑ» ብለነዋል።

እዚህ ላይ የቁሱ ስም ሥራውን እንደማይነግረን ማስተዋል ይገባል። ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የሚባለው ፖሊመር ራሱ ቀላጭና ረጊ ነው፤ በአንዳንድ ጥምር ውስጥ ስውር ሙቀቱን የሚይዘው እርሱ፣ የሚደግፈው ሸክላ ማዕድኑ ነው። ስለዚህ በሥራ ረገድ ደጋፊውን «አቃፊ»፣ ሁነቱን የሚቀይረውን «ታቃፊ» ብሎ መለየት ያስፈልጋል። ያለዚህ «ፖሊመሩ ይቀልጣል» የሚለው ዐረፍተ ነገር አንድ ጊዜ የሥራው ስኬት፣ ሌላ ጊዜ የዕቃው ውድመት ይሆናል።

አቃፊው ያለ ዋጋ አይገኝም። ከጥምሩ ክብደት ግማሹ ብቻ ሰም ከሆነ፣ ከ200 ኪሎ ጁል የሚቀረው ቢበዛ 100 ያህል ነው። እንዲያውም በጣም ጠባብ በሆኑ ቀዳዳዎች የታሰሩ ሞለኪውሎች በሚገባ ሊረጉ ስለማይችሉ፣ ልኩ ከዚህም ሊያንስ ይችላል። ተመራማሪዎች የሚደክሙት ቁሱ እንዳያፈስ በማድረግና ብዙ እንዲይዝ በማድረግ መካከል ያለውን ሚዛን ለማግኘት ነው።

8. የቀረቡት ስያሜዎች

የሙቀት ደረጃ፦ በዲግሪ የሚለካ፣ የአንድ ነገር የመሞቅ ወይም የመቀዝቀዝ ልክ።
የሙቀት ብዛት፦ በጁል የሚለካ፣ የተወሰደ ወይም የተሰጠ ሙቀት።
ሁነት፦ ቁስ የሚገኝበት አኳኋን፤ ጠጣር፣ ፈሳሽ ወዘተ።
ሁነት ቀያሪ ቁስ፦ ሁነቱን በመቀየር ሙቀት የሚያከማችና የሚመልስ ቁስ።
መቅለጥ፦ በሙቀት ከጠጣር ወደ ፈሳሽ መለወጥ።
መርጋት፦ ሙቀት በመስጠት ከፈሳሽ ወደ ጠጣር መለወጥ።
ስውር ሙቀት፦ የሙቀት ደረጃን ሳይለውጥ በሁነት ለውጥ የሚወሰድ ወይም የሚሰጥ ሙቀት።
ጉልህ ሙቀት፦ የሙቀት ደረጃን የሚለውጥ ሙቀት።
የሸክላ ማዕድን፦ በሸክላ አፈር ውስጥ የሚገኝ፣ ብዙ ጊዜ ንጣፋዊ መዋቅር ያለው ማዕድን።
ስርገት፦ የሌላ ቁስ ሞለኪውሎች በንጣፎች መካከል መግባት።
ጥምር ቁስ፦ ክፍሎቹ ማንነታቸውን ሳያጡ ለአንድ አገልግሎት የተቀናጁበት ቁስ።
አቃፊ፣ ታቃፊ፦ በጥምር ውስጥ ደጋፊው፤ ሁነቱን የሚቀይረው።
ቅርጸ ጽኑ፦ ታቃፊው ሲቀልጥ ቅርጹ የማይለወጥ።

9. መደምደሚያ

የስያሜ ሥራ ለየቃሉ አቻ ማግኘት ብቻ አይደለም። ቃላቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲሰባሰቡ እርስ በርሳቸው እንዳይጠፋፉ መጠበቅም ነው። አንድ ስያሜ ብቻውን ሲታይ መልካም ሊመስል ይችላል፤ የሚፈተነው ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ሲቆም ነው። «የሙቀት መጠን» እና «የደረጃ ለውጥ» በየፊናቸው ለብዙ ጊዜ ያለ ችግር ኖረዋል፤ ስውር ሙቀትን ለመናገር በተፈለገ ጊዜ ግን ሁለቱም አብረው ወደቁ።

የተነሣንበትን ዐረፍተ ነገር በቀረቡት ስያሜዎች ስንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «ቁሱ ሁነቱን በሚቀይርበት ጊዜ የሙቀት ደረጃው ሳይጨምር ብዙ ሙቀት ይወስዳል።» ተማሪው ይህን አንብቦ «ታዲያ የገባው ሙቀት የት ሄደ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከዛሬ ሁለት ምእት ዓመት ተኩል በፊት ብላክ የጠየቀውን ጠየቀ ማለት ነው። ስያሜዎቹ የሚሻሻሉበት ወይም የተሻሉ የሚገኙበት መንገድ ካለ፣ በተለይም የሸክላ ሥራና የግንባታ ባለሙያዎች በየአካባቢያቸው የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ቢያካፍሉን፣ በደስታ እንቀበላለን።